የስር ሕክምና የተደረገለት መንጋጋ ጥርስ ላይ የሚገጠም የሴራሚክ ክራውን ምን ያህል ይቆያል?

የጥርስ ስር ሕክምና ወይም ሩት ካናል ሲያልቅ ሕመሙ ይጠፋል። በዚህ ምክንያት ብዙ ታካሚዎች ሕክምናው ያበቃ ይመስላቸውና ሳይመለሱ ይቀራሉ። ለመንጋጋ ጥርስ ግን ገና ግማሹ ነው። ክራውን ያልተደረገላቸው ጥርሶች ከተደረገላቸው ይልቅ 6 እጥፍ ያህል በፍጥነት እንደሚነቀሉ በጥናት ታይቷል።

ጥርሱ ለምን ይሰበራል?

«ነርቩ ስለወጣ ደርቆ ነው» ሲባል ይሰሙ ይሆናል። ዋናው ምክንያት ይህ አይደለም፤ ጥርሱን የሚያዳክመው በመበስበስ የጠፋው አካሉ ነው። በቤተ ሙከራ ሲለካ፣ ለስር ሕክምናው ከላይ የሚከፈተው ቀዳዳ የጥርሱን ግትርነት የሚቀንሰው በ5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከአጠገብ ጥርሶች ጋር የሚነካኩት ሁለቱም ጎኖች ተበልተው ሲሞሉ ግን ቅነሳው ከ60 በመቶ ያልፋል። የቀሩት ግድግዳዎች ባኘኩ ቁጥር ወደ ውጭ ይገፋሉ። ስንጥቁ ወደ ስሩ ከወረደ ብዙውን ጊዜ ጥርሱን ማትረፍ አይቻልም።

ሴራሚኩስ?

የሴራሚክ ክራውን ከተገጠመላቸው 100 ጥርሶች ከ90 በላይ በሚሆኑት ላይ ከ5 ዓመት በኋላም ክራውኑ አገልግሎት ይሰጣል፤ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚቆየውም ብዙ ነው። ዚርኮኒያ በጣም ጠንካራ ስለሆነ ለመንጋጋ ይመረጣል። በላዩ ላይ ለውበት ሌላ ሴራሚክ የተደረበበት ከሆነ ግን ድርቡ ሊላጥ ይችላል፤ ስለዚህ ለኋላ ጥርስ ድርብ የሌለው ይሻላል። ሊቲየም ዲሲሊኬት የተባለው ደግሞ ከጥርሱ ጋር በደንብ ስለሚጣበቅ ከፊል ሽፋን ለመሥራትም ይመቻል።

ይሁንና ከሴራሚኩ ዓይነት ይልቅ የሚወስነው ከሥሩ የቀረው ጥርስ ነው። ሐኪምዎን «ከድድ በላይ ዙሪያውን ስንት ጤነኛ ጥርስ ቀርቷል?» ብለው ይጠይቁ። 2 ሚሊ ሜትር ያህል ካለ ክራውኑ ጥርሱን እንደ ቀለበት አቅፎ ይይዘዋል። ከዚያ ካነሰ ውዱም ክራውን ዕድሜው ያጥራል።

ገንዘብ ካልሞላልዎ

ጊዜያዊ ሙሌት ለሳምንታት እንጂ ለወራት አይሆንም፤ ምራቅና ባክቴሪያ ሰርጎ የተጸዳውን ስር እንደገና ይበክላል። ለክራውን አሁን ካልደረሱ ይህንኑ በግልጽ ለሐኪምዎ ይንገሩ። የጥርሱን ጫፎች የሚሸፍን ቋሚ ሙሌት እስከዚያው ሊያቆየው ይችላል። ቆሎና አጥንት በዚያ ጎን አይቆርጥሙ፤ ጠርሙስ በጥርስ መክፈትማ ለማንኛውም ጥርስ አይሆንም። ሌሊት ጥርስ የሚያፋጩ ከሆነ የመከላከያ ፕላስቲክ ይጠይቁ።

ክራውን አይበሰብስም፤ ጠርዙ ሥር ያለው ጥርስ ግን ይበሰብሳል። ነርቭ ስለሌለው ደግሞ አያምም። ስለዚህ በድዱ ጠርዝ በኩል በየቀኑ ያጽዱ፣ በዓመት አንድ ጊዜም ይታዩ። መጥፎ ጣዕም፣ ድድ ላይ የሚወጣ ብጉር መሳይ እብጠት፣ ሲነክሱ ሕመም ወይም የክራውን መነቃነቅ ካዩ ቀጠሮ አይጠብቁ። ከወለቀ በንጹህ ዕቃ ይዘውት ይሂዱ፤ በሱቅ ማጣበቂያ ግን አይለጥፉት።