ኦፔራ፦ ከካይሮው «አይዳ» እስከ ዱባይ የኦፔራ ቤት

ኦፔራ ታሪኩ በንግግር ሳይሆን በዜማ የሚተረክበት የመድረክ ጥበብ ነው። የሀገር ፍቅርንና የብሔራዊ ቴአትርን መድረኮች የሚያውቅ ተመልካች ልዩነቱን በቀላሉ ይረዳል። በቴአትር ዘፈን ቃለ ተውኔቱን ያጅባል፤ በኦፔራ ግን ዘፈኑ ራሱ ቃለ ተውኔት ነው። ቁጣው፣ ልመናው፣ ምክሩና ስንብቱ ሁሉ ይዘፈናል። ኦርኬስትራው ከመድረኩ ፊት ዝቅ ብሎ በተሠራ ስፍራ ይቀመጣል፤ ድምፃውያኑም በተለመደው ሥርዓት ያለ ድምፅ ማጉያ አዳራሹን ሞልተው ይዘፍናሉ።

«ኦፔራ» በጣልያንኛ «ሥራ» ማለት ነው። ጥበቡ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በፍሎረንስ ከተማ ተወልዶ መጀመሪያ የመሳፍንት ቤት መዝናኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1637 ግን በቬኒስ ትኬት ለቆረጠ ሁሉ የሚከፈት የኦፔራ ቤት ተመሠረተ። ከዚያ ወዲህ ኦፔራ የባለጸጎች ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ በትላልቆቹ አዳራሾች ፎቅ ላይ ሁልጊዜም የአነስተኛ ዋጋ መቀመጫ አለ።

ኢትዮጵያዊቷ ልዕልት በካይሮ መድረክ

ከዓለም ታዋቂ ኦፔራዎች አንዱ የኢትዮጵያን ስም ይዞ የተነሣው በአረብ ምድር ነው። የግብፁ ገዥ ከዲቭ ኢስማኤል እ.ኤ.አ. በ1869 በካይሮ የኦፔራ ቤት ካስከፈተ በኋላ ጣልያናዊው ጁዜፔ ቬርዲ ለዚሁ መድረክ አዲስ ድርሰት እንዲያዘጋጅ በ150,000 ፍራንክ ተዋዋለው። «አይዳ» የተባለው ይህ ኦፔራ ለስዊዝ ቦይ ምረቃ ተደረሰ እየተባለ ሲነገር ይሰማል፤ ነገር ግን ቦዩ በኅዳር 1869 ሲመረቅ ገና አልተጻፈም ነበር። አልባሳቱና የመድረክ ዕቃዎቹ የተዘጋጁት በፓሪስ ስለነበር፣ የፕሩሲያ ጦር ከተማዋን በከበበ ጊዜ ከዚያ ሊወጡ አልቻሉም። በዚህ ምክንያት ትርኢቱ ዘግይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ታኅሣሥ 24 ቀን 1871 እ.ኤ.አ. ነው።

አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የአሞናስሮ ልጅ ናት። በጦርነት ተማርካ በሜምፊስ ከተማ የፈርዖንን ልጅ አምኔሪስን ታገለግላለች፤ ንጉሣዊ ትውልዷን ግን ማንም አያውቅም። ራዳሜስ የተባለው የግብፅ የጦር አለቃ ይወዳታል፤ እመቤቷም ይህንኑ ሰው ትወዳለች። ራዳሜስ በኢትዮጵያ ላይ ዘምቶ ድል ያደርጋል፤ ከምርኮኞቹም መካከል አባቷ ማንነቱን ሰውሮ ይመጣል። አባትየው ጦሩ የሚያልፍበትን መንገድ ከወዳጇ እንድታወጣጣ ያስገድዳታል። ራዳሜስ ምስጢሩን በመግለጹ ከነሕይወቱ በመቅደስ ሥር እንዲቀበር ይፈረድበታል። መቃብሩ ሲዘጋ አይዳን እዚያው ተደብቃ ያገኛታል፤ ሁለቱም አብረው ይሞታሉ።

በሦስተኛው ክፍል አይዳ በዓባይ ዳር ብቻዋን ሆና አገሯን ዳግመኛ እንደማታይ የምትዘፍነው ዜማ ከሥራው እጅግ ከታወቁት አንዱ ነው። ስሟ በአረብኛ ፊደል ሲጻፍ «ተመላሽ» የሚል ትርጉም ካለው የሴት ስም ጋር አንድ ይሆናል። ባለታሪኳ ግን አልተመለሰችም። በሰው ቤት እያገለገለ፣ ስለ ራሱ ሳይናገር፣ አገሩን የሚናፍቅ ሰው ይህን ክፍል ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ተመልካቹ አንድ ነገር መለየት ይኖርበታል። አሞናስሮ በኢትዮጵያ ነገሥታት ታሪክ ውስጥ የለም፤ ታሪኩን ፈረንሳዊው የጥንታዊ ግብፅ አጥኚ ኦጉስት ማሪየት አሰበው፣ ጣልያናዊው ገጣሚ አንቶኒዮ ጊስላንዞኒ ግጥሙን ጻፈው። እውነተኛው ታሪክም ከመድረኩ በተቃራኒ ሄደ። ኦፔራው ከታየ ከ4 ዓመት በኋላ የከዲቭ ኢስማኤል ጦር ወደ ኢትዮጵያ ዘምቶ በኅዳር 1875 በጉንደት፣ በመጋቢት 1876 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጉራ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ተሸነፈ።

የዱባይ ኦፔራ

በቡርጅ ኸሊፋ አቅራቢያ የሚገኘው የዱባይ ኦፔራ ነሐሴ 31 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. በስፔናዊው ድምፃዊ በፕላሲዶ ዶሚንጎ ዝግጅት ተከፈተ። 2,000 ያህል ተመልካቾችን ይይዛል። ቅርጹ የባሕረ ሰላጤው ነጋዴዎችና ሉል ጠላቂዎች ይጓዙበት ከነበረው ዳው ከተባለው የእንጨት መርከብ የተወሰደ ነው። አዳራሹ ወንበሮቹን አንሥቶ ወለሉን በማስተካከል ለቴአትር፣ ለሙዚቃ ኮንሰርት ወይም ለግብዣ እንዲያገለግል ሆኖ ተሠርቷል።

በመክፈቻው ወቅት ከቀረቡት ሙሉ ኦፔራዎች አንዱ የፈረንሳዊው ዦርዥ ቢዜ «ሉል አጥማጆች» ነበር። ታሪኩ የሚፈጸመው በሴሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ ነው፤ ነገር ግን ነዳጅ ከመገኘቱ በፊት ኑሯቸውን በሉል ጠለቃ ይመሩ ለነበሩት ለዱባይ፣ ለሻርጃና ለአጅማን የባሕር ዳር ነዋሪዎች ባዕድ አይደለም።

የጉዞና የወቅት ጉዳይ

በአገር ቤት ክረምት የሚባሉት ወራት በባሕረ ሰላጤው የሐሩር ወራት ናቸው። የኦፔራ ትርኢቶች በብዛት የሚቀርቡት ከመስከረም እስከ ግንቦት በመሆኑ በሐሩሩ ወራት መድረኩ ይቀዘቅዛል። በአውሮፓ ግን ይህ የአደባባይ ኦፔራ ወቅት ነው። ለዕረፍት ወይም ከአሠሪ ቤተሰብ ጋር ወደ ጣልያን የሚሄድ ሰው በቬሮና ከተማ በሮማውያን ዘመን በተሠራው ክብ የድንጋይ አደባባይ «አይዳ»ን የማየት ዕድል ሊያገኝ ይችላል። በዚያ መታየት የጀመረው የቬርዲ 100ኛ የልደት ዓመት በተከበረበት በ1913 እ.ኤ.አ. ነው። ትርኢቱ ማታ ተጀምሮ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሊያልቅ ይችላል። በላይኛው የድንጋይ ደረጃ ላይ መቀመጥ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው።

በዱባይ በሜትሮ የሚመጣ ሰው በቀዩ መስመር በቡርጅ ኸሊፋ/ዱባይ ሞል ጣቢያ ይወርዳል። ሻርጃና አጅማን ሜትሮ የላቸውም፤ ነዋሪዎቻቸው በከተሞች መካከል በሚመላለሱት አውቶቡሶች ወደ ዱባይ መጥተው ሜትሮ ይቀጥላሉ። ሙሉ ኦፔራ ከነዕረፍቱ 3 ሰዓት ያህል ሊፈጅ ስለሚችል ትኬት ከመቁረጥ በፊት የመጨረሻውን የመመለሻ ጉዞ ሰዓት ማረጋገጥ ይገባል። አድራሻ በአረብኛ ለሚጠይቅ ሰው ደግሞ ቋንቋው የ«ፐ» ድምፅ ስለሌለው ስሙ «ኡብራ» ተብሎ እንደሚጠራ ማወቅ ይጠቅማል።

በሻርጃ ኻሊድ ሐይቅ ላይ የሚገኘውና በ2014 እ.ኤ.አ. የተከፈተው አል ማጃዝ አምፊቴአትር የኦፔራ ቤት ባይሆንም ከ4,000 በላይ ተመልካቾችን ይዞ የሙዚቃና የመድረክ ዝግጅቶችን ከቤት ውጭ ያስተናግዳል።

በአዳራሹ ውስጥ

ትኬት ከኦፔራ ቤቱ ከራሱ መሸጫ መግዛት ከሐሰተኛ ትኬት ይጠብቃል። ዋጋው እንደ መቀመጫው ይለያያል፤ ሩቅና ከፍ ያለው ስፍራ ርካሽ ቢሆንም ድምፁ በሚገባ ይሰማል። አለባበስ ንጹሕና ጨዋ ይሁን እንጂ ውድ መሆን የለበትም፤ የአገር ባህል ልብስም ለእንዲህ ያለው ምሽት ተገቢ ነው። ቁምጣና የቤት ነጠላ ጫማ ግን አይመከሩም።

ትርኢቱ በሰዓቱ ይጀመራል። የዘገየ ሰው አመቺ ፋታ እስኪገኝ በሩ ላይ እንዲቆይ ይደረጋል። ስልክ ይዘጋል፤ ያለ ፈቃድ መቅረጽም አይፈቀድም። ጭብጨባ ኦርኬስትራውን የሚመራው ሰው ሲገባ፣ አንድ ታላቅ ዜማ ሲፈጸምና እያንዳንዱ ክፍል ሲዘጋ ይሰማል፤ የሚጠራጠር ሰው ሌሎች ሲጀምሩ ቢከተል ይበቃል።

አብዛኞቹ ኦፔራዎች በጣልያንኛ፣ በፈረንሳይኛ ወይም በጀርመንኛ ይዘፈናሉ። ትርጉሙ ከመድረኩ በላይ ወይም በጎን በሰሌዳ ላይ ይታያል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ዘወትር የሚታዩት ቋንቋዎች እንግሊዝኛና አረብኛ ናቸው። በአማርኛ ማቅረብ ስላልተለመደ ታሪኩን አስቀድሞ ማንበብ ወይም ከሚያውቅ ሰው መስማት ከሁሉ የተሻለ ዝግጅት ነው። ማን ማንን እንደሚወድ፣ ማን ምን እንደሚሰውርና በየትኛው ክፍል ነገሩ እንደሚገለጥ ያወቀ ተመልካች እያንዳንዱን ቃል ባይረዳም ታሪኩ አያመልጠውም።