የአጃ ገለፈትና የጦርነቱ ጎማ

ተማሪዎቼ አሟሚ እንዴት እንደሚመረጥ ሲጠይቁኝ፣ ቀመሩን ከመጻፌ በፊት ፈርፉራል የሚባለውን አሟሚ ታሪክ እነግራቸዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1942 መጀመሪያ ጃፓን ማላያንና የደች ምሥራቅ ህንድን ስትይዝ አሜሪካ የተፈጥሮ ጎማ ምንጯ ደረቀ። ሰው ሠራሽ ጎማ ለመሥራት ቡታዳይን በገፍ አስፈለገ። ቡታዳይን ግን ብቻውን አይገኝም፤ ከቡታንና ከቡቲን ጋር ተደባልቆ ነው የሚመጣው። ቡታዳይን ከዜሮ በታች 4.4 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ አንዱ ቡቲን ደግሞ ከዜሮ በታች 6.3 ላይ። በዚህች ልዩነት አንጥሮ መለየት፣ የማንጠሪያውን ማማ የቱንም ያህል ቢያስረዝሙት፣ ኪሳራ ነው።

ስለዚህ በቦርገር፣ ቴክሳስ፣ የፊሊፕስ ፔትሮሊየም መሐንዲሶች ከማማው አናት ፈርፉራል ለቀቁበት። የሚፈላው 162 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ሳይተን ቁልቁል ይወርዳል። ድርብ ትስስር ያላቸውን፣ ከሁሉም በላይ ሁለት ድርብ ትስስር ያለውን ቡታዳይንን ይዞ ይወርዳል፤ ቡታኑ በላይ ያመልጣል። በሌላ ማማ ሲሞቅ ቡታዳይኑን ይለቅና ወደ ሥራው ይመለሳል። የሚለቅ መሆኑ ከሚይዝ መሆኑ አያንስም፤ ተማሪ ይህን ቶሎ ይረሳል።

እኔን የሚገርመኝ ምንጩ ነው። ኩዌከር ኦትስ በ1922 ሴዳር ራፒድስ፣ አዮዋ ውስጥ ፈርፉራል ማምረት የጀመረው የተከመረበትን የአጃ ገለፈት ጥቅም ላይ ለማዋል ብሎ ነው። ገለፈቱ በአሲድና በእንፋሎት ይቀቀላል፣ ፈርፉራሉ ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል። ጦርነቱ ሲመጣ በብዛት የሚገኝ ሸቀጥ ነበር፤ በእኔ ግምት ያስመረጠውም ጠባዩ ብቻ አይደለም።

ጠባዩማ አስቸጋሪ ነው። አዲስ ጠርሙስ ሲከፈት ጥርት ያለ ነው፣ መራራ ለውዝ ይሸታል። አየር ሲያገኘው ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ሲቆይ እንደ ወፍራም ቡና ጥቁር ይሆናል። በሙቀት ደግሞ ሞለኪውሎቹ እየተያያዙ ዝፍት ይሆኑና ቧንቧ ይደፍናሉ። ጥቂት ውሃ ይቀላቅሉበት ነበር፤ የመለየት ኃይሉን ያጎለብታል፣ የማማውንም ግርጌ ሙቀት ያወርዳል።

በ1960ዎቹ የጃፓኑ ኒፖን ዜዮን ዳይሜቲል ፎርማማይድን፣ የጀርመኑ ቢኤኤስኤፍ ኤን-ሜቲል ፓይሮሊዶንን በአሟሚነት ይዘው ቀረቡ፤ ፈርፉራልም ከቡታዳይን ሥራ እየወጣ ሄደ። ኤን-ሜቲል ፓይሮሊዶንም ቢሆን ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል የአውሮፓ ኅብረት ከ2020 ጀምሮ ገደብ ጥሎበታል። ፈርፉራል ዛሬም ይመረታል፣ በአብዛኛው ቻይና ውስጥ፣ ከበቆሎ ቆረቆንዳ።