ከጦር ሜዳ ወደ ጓዳ፦ የትልልቆቹ የሬዲዮ ቲዩቦች ታሪክ

በአገር ቤት በትልቅ የሳሎን ሬዲዮ ዜና ያዳመጠ ሰው አንድ ነገር አይረሳም። ሬዲዮው እንደተከፈተ ወዲያው አይናገርም፤ በውስጡ ያሉት የብርጭቆ ቲዩቦች እስኪግሉ ጥቂት ያስጠብቃል። አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ብርጭቆ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ይግላል፤ ከጋለው ሽቦ ኤሌክትሮን ይወጣል፤ በመካከል ያለው መረብ ደግሞ ፍሰቱን እንደ በር ጠባቂ ይቆጣጠራል። የቤት ሬዲዮ ቲዩብ ትንሽ ነው። የማሠራጫ ጣቢያው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ የተመረቀው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎዋት የሆኑ ሁለት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች ነበሩት። በዚያ ዘመን ይህን የመሰለ ኃይል የሚሸከሙት ትልልቆቹ ቲዩቦች ነበሩ።

በእነዚህ ቲዩቦች የሚጠቀሙት ግን መንግሥትና ኩባንያ ብቻ አልነበሩም። ፈቃድ አውጥተው ከቤታቸው ሆነው ከዓለም ዙሪያ ጋር የሚነጋገሩ አማተር ሬዲዮኞችም ነበሩ። እንዲያውም በ1934 ካሊፎርኒያ ውስጥ አይማክ የተባለውን የታወቀ የቲዩብ ፋብሪካ ያቋቋሙት ኤይትልና መኩሎ ራሳቸው አማተሮች ናቸው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካን ሲነካት፣ በዲሴምበር 1941፣ የአገሪቱ አማተሮች ሁሉ ዝም እንዲሉ ታዘዙ።

ሰዎቹ ዝም ቢሉም መሣሪያዎቻቸው ዘመቱ። የቺካጎው ሃሊክራፍተርስ ኩባንያ ከጦርነቱ በፊት ለአማተሮች የሠራው ኤች ቲ 4 የተባለ ማስተላለፊያ ነበር። የአሜሪካ ጦር ይህንኑ አጠንክሮ ቢ ሲ 610 ብሎ ሰየመውና በመኪና ላይ ጫነው። የመጨረሻውን ጉልበት የሚሰጠው የአይማክ ቲዩብ 250 ቲ ኤች ነበር። ጦርነቱ አብቅቶ በ1945 አማተሮች ወደ አየር መመለስ ሲጀምሩ፣ ጦሩ የማይፈልገው ዕቃ ተራራ አክሎ ጠበቃቸው። በኒውዮርክ ኮርትላንድ መንገድ ላይ፣ ከ1921 ጀምሮ በበቀሉት የሬዲዮ ሱቆች ደጃፍ፣ የጦር ሠራዊት ማስተላለፊያና ቲዩብ በርካሽ ተቸረቸረ። ያ ሰፈር በ1966 ፈርሶ የዓለም የንግድ ማዕከል መንትያ ሕንፃዎች ተተከሉበት።

ዕቃው ርካሽ ይሁን እንጂ ማንነቱን ማወቅ ቀላል አልነበረም። አንዱ ቲዩብ ብዙ ስም አለውና። የጦሩ ሲግናል ኮር ቪ ቲ የሚል ቁጥር ይሰጥ ነበር፤ ሳጥኑ ላይ ቪ ቲ 144 የተጻፈበት ቲዩብ በገበያ 813 የሚባለው ነው፤ ቪ ቲ 220 ደግሞ ያው 250 ቲ ኤች ነው። እንግሊዞች በበኩላቸው ሲ ቪ የሚል ቁጥር ይለጥፉ ነበር። ይህን ዝርዝር ያላወቀ ሰው ውድ ዕቃ በርካሽ ሸጧል፤ ወይም ለማይረባው ገንዘቡን አፍስሷል።

ስሙ ግን ለሚያነበው ይናገራል። በአይማክ አሰያየም 250 ማለት ቲዩቡ በሙቀት መልክ ሳይጎዳ የሚያስወግደው ዋት ነው፤ ቲ ሦስት ክፍል ያለው ትራዮድ መሆኑን፣ ኤች ደግሞ የማጉላት ኃይሉ ከፍተኛ መሆኑን ይገልጻል። 4-1000 ኤ ከሆነ ባለ አራት ክፍል፣ ባለ 1000 ዋት ነው። የመሣሪያ ስምም እንዲሁ ነው፦ በኤ ኤን/ኤ አር ቲ 13 ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ፊደላት የምድር ጦርና ባሕር ኃይል ማለት ሲሆኑ፣ ቀጣዮቹ አውሮፕላን፣ ሬዲዮ፣ ማስተላለፊያ ይላሉ።

ጽሑፉ ተፍቆ ከጠፋ ዓይን ይሠራል። 250 ቲ ኤች አንድ መገናኛ በራሱ ላይ፣ ሌላ በጎኑ አለው። በውስጡ የሜርኩሪ ጠብታ የሚታይ ከሆነ ማጉያ ሳይሆን የኃይል ማስተካከያ ቲዩብ ነው፤ ቢሰበር መርዝ ነው። መሳሳት ዋጋ ያስከፍላል። የ813 ሽቦ 10 ቮልት ይፈልጋል፤ የ250 ቲ ኤች 5 ቮልት ብቻ። ሁለተኛውን በመጀመሪያው ቮልቴጅ ያስነሳ ሰው ሃምሳ ዓመት በሳጥን የቆየ ቲዩብ በቅጽበት ያቃጥላል።

ከዚህ የከፋው ግን የሰው ሕይወት ነው። እነዚህ መሣሪያዎች በሺህ በሚቆጠር ቮልት የሚሠሩ ናቸው፤ ኃይሉን የሚያጠራቅመው ካፓሲተርም ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ ሰው ሊገድል የሚችል ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው አማተሮች ከመሬት ጋር በተያያዘ ሽቦ፣ ረጅም የማያስተላልፍ እጀታ ይዘው፣ ካፓሲተሩን ሳያራግፉ እጃቸውን አያስገቡም። የአሮጌ ካፓሲተሮች ዘይት መርዛማ ሊሆን ይችላል። በኋላ ዘመን በመጡት ቲዩቦች ላይም አንዳንዱ ሴራሚክ ቤሪሊየም ስላለበት መስበርና መሞረድ ክልክል ነው፤ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል።

ትራንዚስተር ከመጣ ወዲህ ትልልቆቹ ቲዩቦች ቀስ በቀስ ከብዙ ቦታ ወጡ። ዕቃው ግን በየጓዳውና በየመጋዘኑ አሁንም ይገኛል፤ አሮጌው አማተር ሲሞት ልጆቹ ምንነቱን ሳያውቁ ከቆሻሻ ጋር ይጥሉታል። ዕቃ ስሙ ሲረሳ ቆሻሻ ይሆናል፤ ስሙን የሚያውቅ አንድ ሰው ካለ ግን ከሰማንያ ዓመት በኋላም ግሎ ይናገራል።