የፈላ ውኃና የተፋቀ ቁጥር

ሰው ዕውቀትን የሚያገኘው በሁለት በሮች ነው፤ አንደኛው የሌላውን ቃል መስማት፥ ሁለተኛው ራሱ መመርመር ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ነገር ግን የሰማነውና ያየነው በተጣሉ ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚገባ ያላስተማረ መምህር ዋናውን ትምህርት አስቀርቷል። ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ በደሉ የራሴ ነውና።

በደብረ ማርቆስ አካባቢ ሳይንስ አስተምር በነበረበት ጊዜ፥ ተማሪዎቼ ውኃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ በቴርሞሜትር እንዲለኩ አዘዝኋቸው። መጽሐፉ መቶ ይላል፤ እኔም አስቀድሜ መቶ ብዬ በሰሌዳው ላይ ጽፌ ነበር። ውኃው በፈላ ጊዜ ተማሪዎቹ ሁሉ 100 ብለው ጻፉ። አንድ ልጅ ብቻ 92 ብሎ ጻፈ።

«ልክ አይደለም፤ ፍቀህ አስተካክል» አልሁት።

«መምህር፥ እርስዎም ይዩት፤ ከዚህ አልፎ አልወጣም» አለኝ።

እኔ ግን ሳልመለከት «መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል» ብዬ አስፋቅሁት። ልጁም አንገቱን ደፍቶ 100 ብሎ ጻፈ።

ልክ የነበረው ልጁ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በደጋ አገር አየሩ ስስ ስለሆነ በውኃው ላይ የሚጫነው ኃይል ያንሳል፤ ስለዚህ ውኃው መቶ ሳይደርስ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላ በደጋ ቶሎ የማይበስለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የጄኔቫው ሊቅ ደ ሶሲር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1787 ሞን ብላን ተራራ ጫፍ ላይ ውኃ አፍልቶ ሙቀቱን ለካ። ከ1838 እስከ 1848 አገራችንን ያጠናው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲም የፈላ ውኃን ሙቀት እየለካ የቦታዎቻችንን ከፍታ ያሰላ ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የውጭ አገር ሰው ምድራችንን የለካበትን ጥበብ አንድ ልጃችን ሳያውቀው በእጁ አግኝቶት ሳለ፥ እኔ ከደብተሩ አስፋቅሁት።

ይህ ልማድ ከወዴት መጣ? ከአባቶቻችን ነው እንዳንል የጎጃም ቅኔ ቤት ይመሰክርብናል። በዋሸራና በጎንጅ፥ በዲማና በደብረ ኤልያስ ተማሪው ሥርዓቱን ከመምህሩ ይሰማል፤ ከዚያ ግን ብቻውን ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታም ያርሙታል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ቢደግም አይመሰገንም። እኛ የዘመኑ መምህራን ግን የንባብ ቤቱን መድገም ይዘን የቅኔ ቤቱን ምርምር ተውነው። በ2004 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር «ፕላዝማ» የተባለው የሳተላይት ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተጀመረ ጊዜም ይኸው ጉድለት ጎልቶ ታየ፤ ሥዕሉ ያማረ ቢሆንም፥ ተማሪ «ቆይ፥ አልገባኝም» ቢለው የማይሰማ መምህር ነበር።

ያን ትምህርት ዛሬ ባዘጋጀው ከመልሱ ሳይሆን ከጥያቄው እጀምራለሁ፤ «ባቄላ በደብረ ማርቆስ የሚዘገየው፥ በዓባይ በረሃ የሚፈጥነው ለምንድን ነው?» በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ ግምቱንና ምክንያቱን ይጽፋል። በሁለተኛው ቀን በየቡድኑ ሦስት ሦስት ጊዜ ይለካሉ፤ ያዩትን እንጂ የሰሙትን አይጽፉም። «መሣሪያው ተበላሽቷል» የሚል ቢኖር፥ በረዶ የጣለ ዕለት በሚቀልጠው በረዶ ውስጥ ነክሮ ዜሮ ማሳየቱን ይፈትን። መጽሐፉ የሚገለጠው በመጨረሻው ቀን ነው። ያን ጊዜ «ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» በሚለው ላይ «በባሕር ወለል ከፍታ» የሚል ሲጨመርበት፥ መጽሐፉም ልጁም እውነተኞች ይሆናሉ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ያ ልጅ ይቅርታ ሳልጠይቀው ትምህርቱን ጨርሶ ሄደ። በዚያ ቀን ከእኔ የተማረው ስለ ውኃ አይደለም፤ ዓይኑ ያየውን ስለ መካድ ነው። ጓደኞቹም ያው 92 ከፊታቸው ሳለ 100 ብለው በመጻፋቸው ተመሰገኑ። እንዲህ ያለ ምስጋና የለመደ ልጅ አድጎ ዳኛ ወይም ሐኪም ሲሆን ምን ይጽፍ ይሆን? አንተ ግን መጽሐፍን አክብር፤ መምህርህንም አክብር፤ ያየኸውን ቁጥር ደግመህ ሳትለካ አትፋቅ።