ዘጌ ላይ የጠጣነው ቡና

ዓባይ ማዶ የሚኖር ሰው አንድ ዕዳ አለበት። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድና ጓደኛ ሁሉ የሱ እንግዳ ነው፤ እንግዳው ሁሉ ደግሞ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ “ገዳማቱን አሳየን” ይላል። እኔም በጥር 2012 ዓ.ም.፣ ኮሮናም ጦርነቱም ሳይመጣ፣ ሁለት ጓደኞቼን ይዤ በጠዋት ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ጀልባ መነሻው ወረድኩ። (ድልድይ ያልኩት አሮጌውን ነው፤ አዲሱ የተመረቀው በግንቦት 2016 ነው።) ዕቅዳችን ቀላል ነበር። ጠዋት ዘጌ፣ እዚያው ቡና፣ ከሰዓት ባሕር ዳር ተመልሰን ዓሣ። ፎቶ፣ ጨዋታ፣ ሆድ ሙሉ ምሳ፣ በቃ።

ነገር ግን ከዚያ ቀን ይዤው የተመለስኩት ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ስለዚህ የዛሬው ወጌ የጉዞ ማስታወሻ መስሎ ቢጀምርም ታሪክ ነው፤ ታገሡኝ።

ታንኳው

ጀልባችን ከዳር ፈቀቅ እንዳለች አንድ ሰው በደንገል ታንኳ ላይ ተቀምጦ መረብ ሲስብ አየን። ጓደኛዬ ወዲያው ስልኳን አወጣች። ምን ታድርግ? ታንኳ የጣና ምልክት ነው፤ በቲሸርቱም በሆቴሉ ግድግዳም አለ። ታሪክም ተሸክሟል። በ1858 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም ዘጌ ሰፍረው ከነበሩት ከአፄ ቴዎድሮስ ጋር ለመገናኘት ከቆራጣ ሐይቁን የተሻገረው በታንኳ ነበር። መጨረሻው ግን አላማረለትም። በሚያዝያ እዚያው ዘጌ ከነጓዶቹ ተያዘ፤ የቀረውን የመቅደላን ታሪክ ታውቁታላችሁ።

የታንኳን ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርሱ የኖሩት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። ጥንት ጉማሬ እያደኑ ይበሉ ስለነበር ክርስቲያኑም እስላሙም ሲርቃቸው ኖሯል። እነሱ እስላም ነን ቢሉም ሌላው እስላም አብሯቸው አይበላም ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1770ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚህ ሲያልፍ ከሌላው ሰው የተለየ ቋንቋ እንዳላቸው ጽፎ ነበር። ጀርመናዊው ምሁር ኦይገን ሚትቮኽ ስለነሱ በ1907 እ.ኤ.አ. ሲጽፍ ግን የሚናገሩት አማርኛ ነበር። ቋንቋቸው አንድ ገጽ እንኳ ሳይጻፍለት ጠፋ። ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ ደግሞ መንደራቸው ከሐይቁ ዳር እየተገፋ ሄደ። እኛ ያን ጠዋት ይሄን ሁሉ አላሰብንም። ፎቶዋ ቆንጆ ወጣች፣ ተሳሳቅን፣ ጀልባዋም ቀጠለች።

ጫካውና ሥዕሉ

ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ዘጌ ደረስን። ከጀልባው ወርዶ በጠባቡ መንገድ ሽቅብ መሄድ ነው። ግራና ቀኝ ቡና፣ ከላይ ትልልቅ ዛፍ። በጥር ለቀማው እያበቃ ስለነበር ፍሬው በየደጁ ተሰጥቷል። ጣና ዙሪያ ያለው አገር አብዛኛው ታርሶ ሲራቆት ዘጌ ደን ሆና የቀረችው በአጋጣሚ አይደለም። በባሕረ ገብ መሬቱ ላይ ማረስና ከብት ማርባት በቤተ ክርስቲያን የተከለከለ ነው። የአገሬው ትውፊት ነገሩን ከአቡነ በትረ ማርያም ያያይዘዋል፤ ጻድቁ ሕዝቡ ሳያርስ እንዲኖር ቃል ኪዳን ተቀብለዋል፣ ከበትራቸውም ቡናና ጌሾ በቅሏል ይባላል። አንድ ሃይማኖታዊ ክልከላ ስንት የደን ፕሮጀክት ያልቻለውን ሠርቷል ማለት ነው። የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ዘጌ ለዚህ ማዕረግ ለብዙ መቶ ዓመት ስትዘጋጅ የኖረች ያህል ነበር።

ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገባን። ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅኔ ማኅሌቱን አልፋችሁ ወደ ውስጥ ስትገቡ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። እኔን ያቆመኝ የበላዔ ሰብ ሥዕል ነው። ታሪኩን ከልጅነታችን እናውቀዋለን። ቤተሰቡን ሳይቀር ሰው የበላው ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ውኃ የጠማው በሽተኛ አንድ ጥርኝ ውኃ ሰጠ፤ ሲሞት ያቺ ጥርኝ ውኃ በሚዛኑ ላይ ኃጢአቱን ሁሉ ደፋች። ሥዕሉን ልብ በሉት፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ቡናው

ከደጁ ወጣ ብሎ በዛፍ ጥላ ሥር አንዲት እናት ቡና ያፈላሉ። ጢሱ፣ ቄጠማው፣ ቆሎው፣ ምን ልበላችሁ። አቦሉን ጠጥተን ቶናው ሲቀዳ አንደኛው ጓደኛዬ ለወጣቱ አስጎብኚያችን “ይሄን ሁሉ ጫካ ድሮ ማን ይለቅመው ነበር? መነኮሳቱ ናቸው?” አለው። ነገሥታቱን በተርታ፣ ዓመተ ምሕረቱን በቃሉ ሲያወርድልን የነበረው ልጅ ትንሽ ዝም አለና “ድሮማ ሠራተኛ ነበራቸው” ብሎ ወደሚቀጥለው ገዳም አስነሳን።

ይቺ “ሠራተኛ” የምትል ቃል ናት ያልለቀቀችኝ። ቤት ስመለስ ማንበብ ጀመርኩ። የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አሕመድ በ1996 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ርእሱ ራሱ መልስ ነው፤ ከ1900 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. ስለነበሩት የዘጌ ቡና አልሚና ባሪያ አሳዳሪ ካህናት ይናገራል። ሠራተኛ የተባሉት ባሪያዎች ነበሩ። ብዙዎቹ ከምዕራብ ቆላ፣ ከጉሙዝ አገር በኩል የመጡ ናቸው። ጫካውን የሚመነጥሩት፣ ቡናውን የሚለቅሙትና የሚሸከሙት እነሱ ነበሩ። ቡናው በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይሻገራል፤ ገበያው ሲሞቅ የሰው ጉልበትም ይፈለጋል።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ግድም ብዙው ክርስቲያን ቡናን “የእስላም መጠጥ” እያለ ይርቀው የነበረ መሆኑ ነው። ያ ሁሉ ቃል ኪዳን ያለበት ጫካ የሚኖረው የሌላ ሰው ስኒ ሞልቶ፣ በሌላ ሰው ጉልበት ተለቅሞ ነበር።

ሕጉስ? ፍትሐ ነገሥት ባሪያን ነፃ ማውጣት ጽድቅ ነው ብሎ ይመክራል እንጂ ባርነትን አይከለክልም። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመትና በ1923 ዓ.ም. አዋጅ ወጣ፣ አፈጻጸሙ ግን አዘገመ። ጣሊያን በ1928 ሲወርረን “ባሪያ ነፃ ላወጣ መጣሁ” አለ፤ በመርዝ ጋዝ እየፈጀን ማለት ነው። ባርነት በሕግ ጨርሶ የተሻረው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። አስቡት፣ ያን ዘመን በልጅነት ያዩ ሰዎች አያቶቻችንና ቅድመ አያቶቻችን ናቸው።

“ገዳሙን ልታዋርድ ነው?”

ይሄን ስነግረው ከወዳጆቼ አንዱ እንዲህ ብሎ ተቆጣኝ። አይደለም። እነዚያ ገዳማት ብራናውን፣ ሥዕሉን፣ ደኑን ጠብቀው አቆይተውናል፤ ይሄ እውነት ነው። ባርነትም የዘጌ ብቻ አልነበረም፤ በቤተ መንግሥቱም፣ በመኳንንቱ ግቢም፣ በክርስቲያኑም በእስላሙም ቤት ነበር። ግን ሌላውም አድርጎታል ማለት ያልተደረገ አያደርገውም። ደግሞም ነገሩ አላለቀም። ሽማግሌ ሲላክ ዛሬም “ዘሩ ምንድን ነው?” የሚል ጥያቄ በየጓዳው ይንሾካሾካል። ጥያቄው ከየት እንደመጣ የማያውቅ ትውልድ ደግሞ ሳያውቀው ያስቀጥለዋል።

የበላዔ ሰብን ሥዕል ያነሣሁት ለዚህ ነው። ሠዓሊው ቅዱስ ቦታ ላይ ነው የምሥለው ብሎ የተበሉትን ሰዎች አልደበቀም። እነሱን ቢደብቃቸው ኖሮ ጥርኝ ውኃው ምን ያህል ከባድ ነገር እንዳነሣ ማን ይገባዋል? ኡራ ግድግዳ ላይ በደልና ምሕረት ጎን ለጎን ተሥለዋል። አስጎብኚያችን ያን ሥዕል አንድም ሳያስቀር በደንብ ተረከልን፤ ከዚያ ወጥተን ሃምሳ እርምጃ ሳንሄድ “ሠራተኛ ነበራቸው” አለን። በልጁ አልፈርድም፤ የተማረው እንደዚያ ነው። እኔም ባሕር ዳር ኖሬ፣ ተምሬ፣ ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ከሰዓት በኋላ እንደ ዕቅዳችን ዓሣ በላን። ቀረሶ፣ ሙሉውን ተጠብሶ፣ በዳጣ። ከሐይቁ ዳር ተቀምጠን እሾሁን እየለቀምን ስንጫወት ጠዋት ፎቶ ያነሣችው ጓደኛዬ “ያ ሰውዬ ግን ስሙ ማነው ብለን እንኳ አልጠየቅነውም” አለች። እውነቷን ነው። የሞቱትን ነገሥታት ስም ይዘን ተመለስን፤ ምሳችንን ከውኃ የሚያወጡትን ሰዎች ግን ስማቸውንም አናውቅም።

መጀመሪያ ኮሮና፣ ቀጥሎ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ጦርነት የጣናን ጉብኝት ክፉኛ ጎድቶታል፤ እንደዚያ ልጅ ያሉ አስጎብኚዎችም ከእንግዳው ጋር እንጀራቸው ቀርቷል። ሰላም ወርዶ መንገዱ ሲከፈት ሂዱ፤ ዘጌ መታየት አለባት። ጫማችሁን አውልቁ፣ ሥዕሉን ቀስ ብላችሁ እዩ፣ ቡናውንም እስከ በረካው ጠጡ። ስኒውን ስታስቀምጡ ግን “ማን ነበር የሚለቅመው?” ብላችሁ ጠይቁ። አስጎብኚው “ሠራተኛ” ካላችሁ ሳትቆጡ፣ በትሕትና፣ “ባሪያዎች ነበሩ አይደል?” በሉት። ከኋላችሁ ለሚመጣው እንግዳ ሳይጠየቅ ይነግረው ይሆናል።

ቸር ይግጠመን።