የቆላ ዝንብና የነጋዴ መንገድ

ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ወደ ዩጋንዳ ይወጣ በነበረው የጥንት የሲራራ መንገድ የጭነት ከብት ብዙም አይታይም ነበር። ጨርቁና ዶቃው ሲገባ፣ የዝሆን ጥርሱ ሲወጣ በሰው ትከሻ ነበር። አንዱ ትልቅ ምክንያት የቆላ ዝንብ ናት፤ እኛ ገንዲ የምንለውን በሽታ እያስያዘች ከብቱን ትጨርሰው ነበር።

ሰውንም አልማረችም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1900 እስከ 1920 ባለው ጊዜ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ የእንቅልፍ በሽታ ከ200,000 በላይ ሰው ፈጀ። በ1903 ዴቪድ ብሩስ እንቴቤ ላይ በሽታውን የምታስተላልፈው ይህች ዝንብ መሆኗን አሳየ። የእንግሊዝ አስተዳደርም የሐይቁን ዳር ነዋሪ አስነሣ። በአገራችንም በ1967 ጋምቤላ አካባቢ በሽታው በሰው ላይ ታወቀ።

ንክሻዋ ያማል። ምራቋ ቆዳን ስለሚያስቆጣ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያሳክካል፤ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ይጠፋል። የበሽታው ተሐዋስ ከገባ ግን ከቀናት እስከ 2 ሳምንት ቆይቶ ቦታው ላይ የሚያም ጠንካራ ቀይ እብጠት ሊወጣ ይችላል። በሁሉም ሰው ላይ ግን አይወጣም። ትኩሳቱና ራስ ምታቱ ወባ ስለሚመስል ሐኪምንም ያሳስታል።

ስለዚህ በቆላ መንገድ የምንመላለስ ሰዎች ሰማያዊና ጥቁር ልብስ እንተው፤ ዝንቧን ይስባታል፣ ወጥመዷም የሚሠራው በዚሁ ቀለም ነው። ከመንገድ መልስ ካተኮሰን ደግሞ የት የት እንደነበርን ለሐኪሙ ሳንጠየቅ እንንገር፤ በጊዜ የተገኘ በሽታ ይድናል።