የሩቁ ጠያቂና የሰርቨር ቅንብር ታሪክ

የሰርቨርን አሠራር የማሻሻል ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው ከመሣሪያው ጉልበት አንጻር ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ታሪኩን ከሰቆጣ ሆነን እንመለከተዋለን። ለአንድ ሰርቨር ስንት ፕሮሰስ ይበቃዋል የሚለውን ጥያቄ የሚወስነው የመሣሪያው ጉልበት ብቻ ሳይሆን፣ ጠያቂው የሚገኝበት መስመር ርዝመትና ጥበት ጭምር ነውና።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. የወረዳኔት መረብ ሲዘረጋ፣ ዓላማው ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር ማገናኘት ነበር። አብዛኞቹ የወረዳ ጣቢያዎች የሚገናኙትም በሳተላይት ነበር፤ ይህም እንደ ዋግ ኽምራ ላለው ተራራማና ገደላማ አገር የሚስማማ ዘዴ ነው። ሆኖም ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ስለሚገኝ፣ ጥያቄው ሄዶ መልሱ እስኪመለስ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ያልፋል።

በዚያ ዘመን በዓለም እጅግ የተስፋፋው የድረ ገጽ ሰርቨር እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው አፓቼ ነበር። አፓቼ ጥያቄ በመጣ ቁጥር አዲስ ፕሮሰስ ከመፍጠር ይልቅ፣ አስቀድሞ የተዘጋጁ ፕሮሰሶችን በተጠንቀቅ ያቆማል። በአንድ ጊዜ የሚያገለግሉት ፕሮሰሶች ጣሪያም በቅንብሩ ናሙና ላይ 150 ነበር።

ይህ ቁጥር ይበቃ እንደሆነ በስሌት እንመርምር። በየሴኮንዱ 20 ጥያቄ ይምጣ እንበል፤ የእያንዳንዱ ገጽ መጠንም 60 ኪሎባይት ይሁን። ጠያቂው እዚያው አዲስ አበባ፣ በአንድ ሕንጻ ውስጥ ቢሆንና ገጹ በ0.1 ሴኮንድ ቢደርሰው፣ 2 ፕሮሰሶች ይበቃሉ። እያንዳንዱ ጠያቂ በሴኮንድ 64 ኪሎቢት በሚያሳልፍ መስመር ላይ ቢሆን ግን፣ ገጹን ማድረስ 7.5 ሴኮንድ ይፈጃል፤ 150ዎቹም ፕሮሰሶች በሙሉ ይያዛሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሁሉ ወረፋ ይጠብቃል። ሰርቨሩ ሥራ ሳይበዛበት በር ዘጋ ማለት ነው።

ጣሪያውን ከፍ ማድረግ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። እያንዳንዱ ፕሮሰስ 10 ሜጋባይት ሜሞሪ ቢይዝ፣ 150ው 1.5 ጊጋባይት ይፈልጋል፤ ሜሞሪው ሲያልቅ ሥራው ወደ ዲስክ ይሸሻል፣ ሁሉም ይጓተታል። ሌላው የተለመደ ዘዴ፣ መልስ ከተሰጠ በኋላ ግንኙነቱን ወዲያው መዝጋት ነው። ይህም ፕሮሰሱን ነጻ ሲያወጣ የሰቆጣውን ሰው ይጎዳል፤ ለእያንዳንዱ ሥዕል ግንኙነቱን እንደገና ለመክፈት ሌላ ግማሽ ሴኮንድ ይከፍላልና።

ዓለምም ይህንኑ ችግር ደረጃ በደረጃ ፈታው። ዳን ኬግል እ.ኤ.አ. በ1999 አንድ ሰርቨር 10,000 ደንበኞችን በአንድ ጊዜ እንዴት ያስተናግድ ሲል ጥያቄውን በግልጽ አቀረበ። በ2002 የወጣው አፓቼ 2.0 በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ብዙ ትሬዶች ሜሞሪ ተጋርተው እንዲሠሩ አስቻለ። በ2004 የኢጎር ሲሶየቭ ኤንጂንኤክስ፣ በ2012ም አፓቼ 2.4 ዝምተኛ ግንኙነት ሠራተኛ ሳይዝ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ አደረጉ።

እንግዲህ ለሙያ ባልደረቦቻችን የሚቀረው ትምህርት ይህ ነው፦ ቅንብርን ከሰርቨሩ ጎን ተቀምጦ የሚለካ ባለሙያ የሚለካው የራሱን ምቾት ነው። ትክክለኛው መለኪያ ያለው በመስመሩ ዳር፣ ገጹ እስኪከፈት በሚጠብቀው ሰው ዘንድ ነው።